ግጥሙ ማተሚያ ቤት የደረሰው በማን እጅ ነው?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ እንደምን አሉ? የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር ስለ ቀደምት አሜሪካውያን ገጣሚዎች እየተማርን ነው፤ ብራድስትሪት፣ ቴይለር፣ ዊትሊ፣ ፍሬኖ፣ ብራያንት፣ ፖ፣ ዊትማን፣ ዲክንሰን። የሕይወት ታሪካቸውን ሸምድጃለሁ። ግጥሞቹን ሳነብ ግን ሁሉም አንድ ይሆኑብኛል፤ ወይ እግዚአብሔር ነው፣ ወይ ሞት ነው፣ ወይ አበባ። ኑሯቸውና አጻጻፋቸው በምን ይገናኛል? ከማንስ ብጀምር ይሻለኛል?»

መልስ፦ «ወይ እግዚአብሔር፣ ወይ ሞት፣ ወይ አበባ» ያልሽው አሳቀኝ። ሐሰትም አይደለም። የሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ግጥም በሦስት ቃል ጠቅልለሽዋል።

ይህን ኮርስ ብዙ ዓመት አስተምሬዋለሁ። ተማሪ የሚደናቀፈው ሁልጊዜ አንቺ በተደናቀፍሽበት ቦታ ነው። የት ተወለደ፣ መቼ ሞተ፣ ስንት ልጅ ወለደች የሚለው ግጥሙን አይከፍተውም። እኔ ክፍል ውስጥ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ይህ ግጥም ከጠረጴዛ ተነስቶ ማተሚያ ቤት የገባው በማን እጅ ነው? ገጣሚው ራሱ ወሰደው? ዘመድ ይዞት ሄደ? ሌላ ሰው ፈረመለት? ወይስ መሳቢያ ውስጥ ቀረ? ይህን ስታውቂ ሰውዬው ለማን ጆሮ ይጽፍ እንደነበር ታውቂያለሽ። ለማን እንደሚጽፍ ካወቅሽ ደግሞ ለምን እንደዚያ እንደጻፈ ግማሹ ይገባሻል። በዚህ መንገድ እንሂድና ራስሽ ፍረጂ።

ከአን ብራድስትሪት እንነሳ። በ1612 እንግሊዝ አገር ተወለደች። አባቷ ቶማስ ደድሊ የአንድ መስፍን ንብረት አስተዳዳሪ ስለነበር ልጅቱ ያደገችው መጽሐፍ ባለበት ቤት ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ገደማ ሳይመን ብራድስትሪትን አገባች። በ1630 ከባሏና ከወላጆቿ ጋር «አርቤላ» በምትባል መርከብ ወደ ማሳቹሴትስ ተሻገረች። ፒዩሪታኖች ናቸው፤ እምነታቸውን በፈለጉት መንገድ ለመያዝ ውቅያኖስ ያቋረጡ ሰዎች። ስምንት ልጆች ወለደች። በዚያ ሁሉ መሀል ትጽፍ ነበር።

የእህቷ ባል ጆን ዉድብሪጅ እንግሊዝ ሲሄድ የእጅ ጽሑፏን ይዞ ሄደ። መጽሐፉ በ1650 ለንደን ላይ ታተመ። ርዕሱ «በቅርቡ አሜሪካ ውስጥ የበቀለች አሥረኛዋ የጥበብ አምላክ» እንደማለት ነው። ግሪኮቹ ዘጠኝ ነበሯቸው፤ እሷን አሥረኛ አደረጓት። ሳታውቅ ነው የታተመው ይባላል። አንዳንድ ምሁራን ይህን ይጠራጠራሉ፤ እኔም ትንሽ እጠራጠራለሁ። በዚያ ዘመን ሴት «አሳተምኩ» ከምትል «ሳላውቅ ወሰዱብኝ» ብትል ይቀላታል። ዉድብሪጅ መግቢያው ላይ ምን እንደሚል እይ። ሴትየዋ የተከበረች ናት፤ የቤቷን ሥራ በወጉ ትሠራለች፤ እነዚህን ግጥሞች የጻፈችው ከእንቅልፏና ከዕረፍቷ ሰዓት ቀንሳ ነው። ወጡ አላረረም፣ ልጆቹም አልተራቡም፣ አትጨነቁ ማለቱ ነው።

እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ግጥሞች ረጃጅም ናቸው። ስለ አራቱ ባሕርያት፣ ስለ አራቱ ወቅቶች፣ ስለ አራቱ የጥንት መንግሥታት ይተርካሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይደብራሉ። «እኔም የተማርኩ ነኝ» ለማለት የተጻፉ ናቸው። አልፎ አልፎ ግን ምላሷ ብቅ ይላል። መቅድሟ ላይ «እጅሽ ከብዕር ይልቅ ለመርፌ ይሆናል» የሚሏትን ሰዎች ትጎሽማቸዋለች። ወንዶቹ ገጣሚዎች የሎሬል ቅጠል ዘውድ ይድፉ፤ ለእኔ የጦስኝ ወይም የፓርስሊ ጉንጉን ይበቃኛል ትላለች። የወጥ ቤት ቅጠል ነው የጠየቀችው። ትሕትና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ይቆነጥጣል።

አሁን መጽሐፉ ታትሞ እጇ ሲገባ የጻፈችውን ተመልከቺ። መጽሐፏን እንደ ልጅ ታናግረዋለች። የደካማ አእምሮዬ ጎደሎ ልጅ ሆይ፣ ወዳጆች ነጥቀው በጨርቅህ አደባባይ አወጡህ። ፊትህን ባጥበው ነውሩ ባሰበት። አንዱን እድፍ ሳስለቅቅ ሌላ አበጀሁ። እግርህ እኩል እንዲሆን መገጣጠሚያህን ሳብኩት፣ አንተ ግን አሁንም ታነክሳለህ። በእንግሊዝኛ «ፉት» ማለት እግር ነው፤ የግጥም ምት መለኪያም ነው። ልጁም ያነክሳል፣ ስንኙም ያነክሳል። ደህና ልብስ ላለብስህ ነበር፣ ቤት ውስጥ ግን ከእጅ ፈትል በቀር ጨርቅ አላገኘሁም ትለዋለች። አራቱን የጥንት መንግሥታት በሙሉ ብትደምሪ ይህችን አንዲት ስንኝ አይመዝኑም።

ስለ ባሏ የጻፈችውና ይህ የልጅ ግጥም መጽሐፍ ላይ የወጡት በ1678 ነው፤ እሷ በ1672 ካረፈች በኋላ። ቤቷ በሐምሌ 1666 ሲቃጠል የጻፈችው ደግሞ እስከ 1867 ድረስ አልታተመም። ያንን ግጥም አንብቢው። ሌሊት «እሳት! እሳት!» የሚል ጩኸት ይቀሰቅሳታል። ከዚያ በኋላ በፍርስራሹ አጠገብ ስታልፍ ዓይኗ እየተመለሰ ያያል። እዚህ ጋ ሣጥኑ ነበር፣ እዚያ ጋ ያ ሌላው ሣጥን። ከእንግዲህ በዚህ ጣሪያ ሥር እንግዳ አይቀመጥም፣ ወግ አይወጋም። እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሳ ትላለች እንደ ኢዮብ። ትላለች እንጂ ዓይኗ ከሣጥኑ ላይ አልተነሳም። ለሕዝብ የጻፈችው ግጥም የተማረ ሰው ድምፅ አለው፤ ለቤቷ የጻፈችው የራሷ ድምፅ አለው። ፈተና ላይ ይህን ብቻ ብትጽፊ እኔ ነጥብ እሰጥሻለሁ።

ኤድዋርድ ቴይለር የዚህ ተቃራኒ ነው። እሱን ማንም አልወሰደበትም። በ1668 ከእንግሊዝ መጣ፣ ሃርቫርድ ተማረ፣ በ1671 ዌስትፊልድ ወደምትባል ዳር አገር ሄዶ ሰባኪም ሐኪምም ሆነ። እስከ 1729 ኖረ። ከሁለት መቶ በላይ ግጥሞችን የጻፈው የጌታን እራት ከመስጠቱ በፊት ራሱን ለማዘጋጀት ነው። አንባቢው አንድ ነው፤ እሱም ሰማይ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ጨዋ ደንብ አይጨነቅም። ምሳሌዎቹ ጉልበተኞችና ሸካራ ናቸው። አንድ ግጥሙ ላይ «ጌታ ሆይ፣ የመፍተያ መሣሪያህ አድርገኝ» ብሎ ይጀምራል። ቃልህ የጥጡ መያዣ ይሁን፣ ነፍሴ ክሩ የሚጠመጠምበት ቀሰም ትሁን ይላል። በሁለተኛው አርኬ ራሱ መሸመኛ ይሆናል። ከዚያ ጨርቁ ይታጠባል፣ በሰማይ ቀለም ይነከራል፣ በመጨረሻ ለብሶት ይቆማል። ፈትል ያየ ሰው ያለ አስተማሪ ይገባዋል። እናቴ ብታነበው ኖሮ ከእኔ በተሻለ ታስረዳሽ ነበር።

እነዚህ ግጥሞች ዬል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠው ቆዩ። በ1937 ቶማስ ጆንሰን የሚባል ምሁር አገኛቸውና ለዓለም አወጣ። ይህን ስም ያዥው፣ ተመልሶ ይመጣል።

ፊሊስ ዊትሊ ጋ ስንደርስ «በማን እጅ» የሚለው ጥያቄ ያማል። በ1753 ገደማ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ተወለደች። በሐምሌ 1761 በባሪያ መርከብ ቦስተን ደረሰች። የፊት ጥርሶቿ ወላልቀው ስለነበር ዕድሜዋን ሰባት ወይም ስምንት ብለው ገመቱ። መርከቧ «ፊሊስ» ትባላለች። የገዟት ሰዎች ዊትሊ ይባላሉ። ስሟ ከእነ አባቷ ስም የሽያጭ ደረሰኝ ነው ማለት ይቻላል።

የቤቱ ሰዎች አስተማሯት። በአሥራ ስድስት ወር ውስጥ እንግሊዝኛ ማንበብ ቻለች። ቀጥሎ ላቲን። የመጀመሪያ ግጥሟ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ 1767 ነበር። በ1770 ዝነኛው ሰባኪ ጆርጅ ዋይትፊልድ ሲሞት የጻፈችው የሐዘን ግጥም ስሟን ከአትላንቲክ ማዶ አደረሰው። ግን መጽሐፍ ለማሳተም ሲፈለግ «አንዲት ባሪያ ይህን ጻፈች ብሎ የሚያምን ማን አለ?» የሚል ጥያቄ መጣ። የማሳቹሴትስ ገዥ ቶማስ ሃቺንሰንንና ነጋዴውን ጆን ሃንኮክን ጨምሮ አሥራ ስምንት የቦስተን ታላላቅ ሰዎች «እሷ ናት የጻፈችው» ብለው ፈረሙ። ብዙ ቦታ እንደምታነቢው ሁሉም በአንድ ክፍል ተቀምጠው ፈትነዋታል የሚባለው ግን ማስረጃ የለውም። ፊርማው አለ፤ የፈተናው መዝገብ የለም። መጽሐፉ በ1773 ለንደን ውስጥ ታተመ። ያ የምስክር ወረቀት ከፊቱ ተለጥፎ ነው የወጣው።

ስልቷን ከዚህ ተነስተሽ አንብቢ። እያንዳንዱ ስንኝ አሥር ቀለም፣ በየሁለት ስንኙ ቤት የሚመታ፣ በግሪክና በሮም ስሞች ያጌጠ። በዘመኑ የእንግሊዝ ጨዋ ሰው የሚጽፈው እንዲህ ነበር። «የሰው ቅጂ ናት፣ የራሷ ድምፅ የላትም» ብለው የሚያጣጥሏት አሉ። አይገባኝም። አሥራ ስምንት ሰው ፈርሞላት ለመታተም የበቃች ልጅ ምቱን ብታሰናክል ማን ይምራት ነበር? ቶማስ ጄፈርሰን እኮ ይህም ሁሉ ሆኖ ግጥሞቿ ለሂስ እንኳ አይበቁም ብሎ ጽፏል።

ስምንት ስንኝ ብቻ ያላትን ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ ስለ መምጣቷ የምትናገረዋን ግጥም ውሰጂ። በመጀመሪያ ንባብ ታናድዳለች። «ከአረማዊ አገሬ ያመጣኝ ምሕረት ነው» ትላለች፤ ይህን ይዘው ብዙዎች ይዘጓታል። እስከ መጨረሻው ሂጂ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች በግርድፉ ሲመለሱ እንዲህ ናቸው፦

ክርስቲያኖች፣ ጥቁሮች፣ እንደ ቃየል የጠቆሩ፣ አስታውሱ፣
ሊነጠሩ ይችላሉ፣ ከመላእክቱም ሰልፍ ሊገቡ።

ነጠላ ሰረዞቹን እያቸው። «ክርስቲያኖች ሆይ፣ ጥቁሮች እንደ ቃየል ቢጠቁሩም ሊነጠሩ እንደሚችሉ አስታውሱ» ነው? ይህ ሰሙ ነው። ወይስ «ክርስቲያኖችም ጥቁሮችም፣ ሁላችሁም እንደ ቃየል የጠቆራችሁ ናችሁ» ነው? ወንድሙን የገደለው ቃየል ነው። ወንድሙን የሚሸጥስ? በዚያ ላይ «ኬን» የሚለው የቃየል ስም በእንግሊዝኛ ሲጠራ ከሸንኮራ አገዳ ጋር አንድ ነው። «መነጠር» የሚለው ቃልም ስኳር ሲጣራ የሚባለው ነው። ስኳሩ ደግሞ በባሪያ ጉልበት የሚመረት ነው። እኛ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ከቅኔ ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። አንዳንድ ምሁር ይህ ከልክ ያለፈ ንባብ ነው ይላል። እኔ ግን ላቲን የተማረች ልጅ ቃላቱ የሚሰጡትን ድምፅ አልሰማችም ብዬ ማመን ያቅተኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ የሚመለከተን አለ። በአሥራ አራት ዓመቷ ገደማ ለሃርቫርድ ተማሪዎች በጻፈችው ግጥም ከኃጢአት ራቁ ስትላቸው «አንዲት ኢትዮፕ ትነግራችኋለች፣ ታላቁ ጠላታችሁ እሱ ነው» ትላለች። ተማሪዎቼ እዚህ ሲደርሱ ይነቃቃሉ፤ «የእኛ ናት እንዴ?» ይላሉ። አይደለችም። ቃሉ በዘመኑ ለማንኛውም ጥቁር ሰው የሚባል ነበር። ግን ቃሉን መምረጧን ልብ በይ። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ክብር ያለው ስም ነው፤ በግሪክ ተረትም አማልክት ኢትዮጵያውያን ዘንድ ለግብዣ ይሄዳሉ። የተገዛች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የአገሩን ልሂቃን ልጆች እየመከረች ነው፤ የምትቆምበት ከፍታ ያስፈልጋታል። በዚያ ስም ላይ ቆማለች።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ነፃ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ ይቀየራል። በየካቲት 1774 በጻፈችው፣ በኋላም ጋዜጦች ባተሙት ደብዳቤ እግዚአብሔር በሰው ሁሉ ልብ ውስጥ የነፃነት ፍቅር ተክሏል ትላለች፤ ነፃነት እየጮሁ ባሪያ የሚይዙትን ትወጋለች። በ1779 ለሁለተኛ መጽሐፍ ቀድመው የሚከፍሉ ሰዎች ፈለገች። አልተገኙም። የእጅ ጽሑፉም ጠፋ። በታኅሣሥ 1784 በድህነት ሞተች፣ ገና ሠላሳ አንድ ዓመት ገደማዋ ነበር። የጠፋው መጽሐፍ ውስጥ ምን ነበር የሚለው እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ፊሊፕ ፍሬኖን በፍጥነት ልለፈው። እሱን ያሳተመው ጋዜጣ ነው፤ ግጥሙም እንደ ጋዜጣ ፈጣንና ተናካሽ ነው። በ1780 እንግሊዞች ማርከው እስረኛ መርከብ ላይ አሰሩት፤ ሲወጣ ስለዚያ መርከብ በንዴት ጻፈ። በኋላ የጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ፕሬዚዳንት ዋሽንግተንን ሲያብጠለጥል ዋሽንግተን «ያ ወሮበላ ፍሬኖ» እስከ ማለት ደረሰ። ለስለስ ያለ ነገር ከፈለግሽ በ1786 ስለ ጫካ አበባ የጻፋትን አንብቢ። አበባው ያንቺ ሦስተኛው መደብ መሆኑ ነው።

ዊልያም ከለን ብራያንት ደግሞ ልክ እንደ ብራድስትሪት ዘመድ ያሳተመው ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜው ስለ ሞት የጻፈው ግጥም መሳቢያ ውስጥ ነበር። ሐኪሙ አባቱ አገኘውና ቦስተን ለሚታተም መጽሔት ሰጠው። በ1817 ወጣ። ከአዘጋጆቹ አንዱ «ከአትላንቲክ ወዲህ እንዲህ የሚጽፍ ሰው የለም» ብሎ ተከራክሮ ነበር። ቤት አይመታም፣ ግን ረጋ ብሎ ይፈስሳል። ሞትን እንደ ገሃነም በር ሳይሆን ሁሉም ሰው የሚተኛበት ሰፊ መኝታ አድርጎ ያሳያል። ከብራድስትሪት አገር የመጣ ልጅ ስለ ሞት ጽፎ ክርስቶስን አለማንሳቱን አስቢ። ያ ትልቅ ዜና ነበር።

ኤድጋር አለን ፖን ብዙ ሰው ይወደዋል፤ እኔ እንደ ገጣሚ ከአጭር ልብወለዱ አሳንሼ ነው የማየው፣ ይቅርታ። በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ በ1827፣ የመጀመሪያ መጽሐፉን «በአንድ ቦስተናዊ» ብሎ ስሙን ደብቆ አሳተመ። ማንም ልብ አላለውም። በጥር 1845 ስለ ቁራው የጻፈው ግጥም ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ግን በአንድ ጊዜ ገነነ። እሱ የሚጽፈው ለጆሮ ነው። ቁራው እየደጋገመ የሚላት አንዲት ቃል አለች፤ ትርጉሟ «ከእንግዲህ ወዲያ፣ በፍጹም» ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያንን ግጥም እንዴት እንደ ሒሳብ እንዳሰላው የሚያብራራ ጽሑፍ ጻፈ፤ ርዝመቱ ወደ መቶ ስንኝ እንዲሆን ወሰንኩ፣ ድምፁን መረጥኩ፣ ከዚያ ያንን ድምፅ የያዘ ቃል ፈለግኩ ይላል። ግማሹ ጉራ ይመስለኛል። ግን ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ምቱ ሰውነትሽን ይዞ ይወዘውዛል።

አሁን ወደ ሁለቱ ዋናዎች መጣን። በጥያቄያችን መነጽር ሲታዩ ከሰማይና ከምድር በላይ ይራራቃሉ።

ዋልት ዊትማን በ1819 ተወለደ፤ በአሥራ አንድ ዓመቱ ትምህርት አቆመ፤ ብዙም ሳይቆይ ማተሚያ ቤት ገባ። ፊደል ለቃሚ ነበር። ስለዚህ በ1855 «የሣር ቅጠሎች» የተባለውን መጽሐፉን ሲያወጣ ዘመድ አላስፈለገውም፣ ፈራሚም አላስፈለገውም። በራሱ ገንዘብ፣ ብሩክሊን ውስጥ፣ ከፊሉን ገጽ በራሱ እጅ ፊደል እየለቀመ አሳተመ። 795 ቅጂ። አሥራ ሁለት ግጥሞች፣ ርዕስ የሌላቸው። የርዕሱ ገጽ ላይ ስሙ የለም። በስሙ ፈንታ ፎቶው የሚመስል ሥዕል አለ፤ ባርኔጣ ያደረገ፣ የሸሚዙን አንገት የከፈተ፣ አንድ እጁን ኪሱ የከተተ ሠራተኛ። ስሙን የምታገኚው ግጥሙ መሀል ገብተሽ ነው።

ገጹ ሰፊ ነው፤ ስንኙ ረጅም ነዋ። ቤት አይመታም፣ ቀለም አይቆጥርም። ታዲያ ምን አቆመው? መዝሙረ ዳዊት ያቆመው ነገር። አንድ ሐሳብ ይላል፣ በሌላ ቃል ይደግመዋል፣ ይጨምርበታል። ዳዊት ሲደገም የሰማ ጆሮ ዊትማንን ቶሎ ይለምደዋል። ዝርዝሩ ሲበዛ አትሰልቺ፤ አናጺው፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ ያመለጠው ባሪያ፣ ሁሉም እኩል መስመር ያገኛል። ሰዎቹን እኩል ያደረጋቸው ስንኙ ነው።

የዘመኑ ታላቅ አሜሪካዊ ጸሐፊ ኤመርሰን ደብዳቤ ጻፈለት፤ «በታላቅ ሥራ መጀመሪያ ላይ ሰላም እልሃለሁ» የሚል። ዊትማን ምን አደረገ? ሳያስፈቅድ ጋዜጣ ላይ አወጣው። በ1856 ደግሞ ያችን ዐረፍተ ነገር በሁለተኛው እትም ጀርባ ላይ በወርቅ ቀለም አሳተማት። ስሙን ደብቆ የራሱን መጽሐፍ የሚያሞግስ ሂስም ጽፏል። ዓይን አውጣነት ነው! እኔ ግን እወድለታለሁ። ያው መጽሐፍ በ1865 ከመንግሥት ሥራው አስባርሮታል፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ የቆሰሉ ወታደሮችን ሲጠይቅ፣ ደብዳቤ ሲጽፍላቸው የኖረ ሰው መሆኑ አላዳነውም። መጽሐፉን ግን እስከ ሞተበት 1892 ድረስ ሲያርም፣ ሲጨምርበት ኖረ። ለሊንከን ሞት የጻፈው ቤት የሚመታ ግጥም ትምህርት ቤቶች ሁሉ የሚያስሸመድዱት ነው፤ እሱ ራሱ ሰልችቶት ነበር። ዊትማንን በዚያ አትለኪው።

ኤሚሊ ዲክንሰን በ1830 ማሳቹሴትስ ውስጥ አምኸርስት በምትባል ከተማ ተወለደች፣ በ1886 እዚያው ሞተች። ወደ 1800 የሚጠጉ ግጥሞች ጽፋለች። በሕይወቷ የታተሙት አሥር ገደማ ናቸው፣ ያለ ስሟ። የቀሩትን ምን አደረገቻቸው? ብዙዎቹን በንጹሕ ወረቀት ገለበጠች፣ በመርፌና በክር ሰፋቻቸው። አርባ ትንንሽ ጥራዝ። «እጅሽ ለመርፌ ይሆናል» የተባለችው ብራድስትሪት ትዝ አለችሽ?

በሚያዝያ 1862 ቶማስ ሂጊንሰን ለሚባል ጸሐፊ አራት ግጥም ላከች። «ግጥሜ ሕይወት እንዳለው ለመናገር ጊዜ አለዎት?» ብላ ጠየቀችው። ደብዳቤው ላይ አልፈረመችም። ስሟን ካርድ ላይ ጽፋ፣ ካርዱን በሌላ ትንሽ ፖስታ አሽጋ፣ ከደብዳቤው ጋር ከተተችው። ሴትየዋ ሙሉዋን እዚያ ትንሽ ፖስታ ውስጥ ናት። ስለ ዊትማን ሲጠይቃት መጽሐፉን አላነበብኩም፣ ነውረኛ ነው ብለውኛል ብላ መለሰች።

ስልቷ ከመዝሙር የመጣ ነው። ስምንት ቀለም፣ ስድስት ቀለም፣ ስምንት፣ ስድስት። «አሜዚንግ ግሬስ» የሚለውን መዝሙር ዜማ ካወቅሽ ብዙ ግጥሟን በዚያ መዘመር ትችያለሽ። ግን በዚያ ልማድ ላይ ሁለት ነገር ታደርጋለች። አንደኛ፣ ቤቱን አጣማ ትመታለች። ስለ ተስፋ በጻፈችው ላይ «ሶውል» ከ«ኦል» ጋር ይገጥማል፤ ገጠመም ስትዪው አልገጠመም። በር ሲዘጋ ትንሽ ክፍተት እንደሚቀረው ነው። ሁለተኛ፣ ሰረዟ። ነጠላ ሰረዝም አራት ነጥብም ሊሆን በሚችልበት ቦታ ሁሉ ጭረት ታደርጋለች። እስትንፋስ ይቆረጣል፤ ሐሳቡ ወዴት እንደሚዞር አታውቂም።

ይህ ጭረት ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። በ1866 አንድ ጋዜጣ ስለ እባብ የጻፈችውን ግጥም አወጣ። አዘጋጁ ሦስተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ የራሱን ምልክት ጨመረ። እሷ ተቆጣች፤ ሦስተኛውና አራተኛው ስንኝ አንድ ነበሩ፣ ምልክቱ ቆረጣቸው ብላ ለሂጊንሰን ጻፈች። በእርግጥም እባቡ ድንገት የሚታየው ከአንዱ ስንኝ ወደ ሌላው ስትሻገሪ ነው። በሩን ዘግተሽ እባቡ ይምጣ ማለት አይሆንም። እኔም አንድ ጊዜ የደረሰብኝ አለ። ለክፍል የሚታደል ጽሑፍ እንዲተየብ ሰጠሁ። ተመልሶ ሲመጣ ጭረቶቹ በሙሉ በነጠላ ሰረዝ ተተክተዋል። ተያቢው «መምህር፣ ጽሑፉ ስህተት በስህተት ነበር፣ አስተካክዬልዎታለሁ» አለኝ። ልቆጣው አልቻልኩም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ያንኑ አድርገውባታል።

ስትሞት እህቷ ላቪኒያ ግጥሞቹን አገኘች። በ1890 ሂጊንሰንና የቤተሰቡ ወዳጅ ሜብል ቶድ አዘጋጅተው አሳተሙ። ጭረቶቹን አነሱ፣ ጠማማ ቤቶችን አቀኑ፣ ያልነበረ ርዕስ ሰጡ። ሞት በሠረገላ መጥቶ ስለሚወስዳት ከጻፈችው ግጥም አንድ ሙሉ አርኬ ቆርጠው ጣሉ። እሷ እንደጻፈችው የታተመችው በ1955 ነው። ያሳተማት ማን መሰለሽ? ቶማስ ጆንሰን። ያ ቴይለርን ከዬል ቤተ መጻሕፍት ያወጣው ሰው።

ከማን ልጀምር ላልሽው፣ በዘመን ቅደም ተከተል አትሂጂ። መጀመሪያ ብራድስትሪት ስለተቃጠለው ቤቷ የጻፈችውን አንብቢ። ቀጥለሽ የዊትሊን ስምንት ስንኝ፣ እርሳስ ይዘሽ፣ በነጠላ ሰረዞቹ ላይ እያረፍሽ። ከዚያ የዊትማንን «የሣር ቅጠሎች» የሚከፍተውን ረጅሙን ግጥም ጮክ ብለሽ፣ ሰው ከሌለ ቆመሽ። ዲክንሰንን ማታ፣ በቀን ከሁለት ግጥም ሳታልፊ። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጊያት ግን ተጠንቀቂ፤ የ1890ው እትም አሁንም በየቦታው ተበትኗል። ከግጥሙ በላይ «ሠረገላው» የሚል ርዕስ ካየሽ ገጹን ዝጊና ሌላ ፈልጊ።